ለይስሙላ የተጠራንበት ምሳ

ሰዎች የልጄ ባል ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ ድሮ «ያስተምራል» እላቸው ነበር። ውሸት አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የሚሠራው። ምን እንደሚያስተምር ከጠየቁኝ ግን የልጆቻቸውን ጤና እጠይቅና ወሬውን አዞረዋለሁ። ልጄ ምሥራቅ ያገባችው ዴሪክ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሥራው ኳስ ማሠልጠን ነው። ኳስ ስል የኛው የእግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። ፉትቦል ይሉታል እንጂ በእጃቸው ታቅፈውት ነው የሚሮጡት። ግማሾቹ ይዘው ይሮጣሉ፣ ግማሾቹ ተከታትለው ይጥሏቸዋል። ዴሪክ የጣዮቹ አለቃ ነበር። ከሱ በላይ ዋናው አሠልጣኝ አለ። ሲያሸንፉ ዋናው ይመሰገናል፣ ሲሸነፉ ዴሪክ ይጠየቃል። እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም ነበር፣ ለማወቅም አልፈለግኩም። ለልጄ ያሰብኩት ባል ሌላ ነበር፤ እሱን ዛሬ አላነሳውም።

እኔ ደሴ ጌሾ ነጋዴ ነበርኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ምሥራቅ አራስ ሆና ብታስመጣኝ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ መጣሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ መሆኑ ነው። ሕፃኗ ስታድግልኝ እግሬ ተፈታ። አውቶቡስ ላይ ወጥቼ መጨረሻው ድረስ እሄዳለሁ፣ በዚያው እመለሳለሁ። ምሥራቅ «እማዬ፣ ሹፌሮቹ ደሞዝ ሊያስቡልሽ ነው» ትለኛለች። ዴሪክ አማርኛውን ከሷ ስለለቀመ እንደ ልጄ አንቺ ነው የሚለኝ። «እማማ፣ ዛሬ የት ዞርሽ?» ይለኛል ማታ ሲገባ። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን «ዴሪክ ይሙት፣ ብላ እንጂ» ብለው ማንኪያውን ጥሎ «ምን አደረግኳት?» ብሎ ምሥራቅን ጠየቃት። በውድ ሰው ስም እንደምንምል፣ ስሙ የሚጠራውም ስለሚወደድ እንደሆነ አስረዳችው። ከዚያ ወዲያ እሱም ለመደው። «በልተሃል?» ስትለው «ምሥራቅ ትሙት» ብሎ ይመልስላታል።

ነገሩ የጀመረው በገና ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዴሪክ ቁርሱን ገፍቶ ተቀምጧል።

«ምነው?» አልኩት።

«ከሌላ ኮሌጅ ዋና አሠልጣኝ ሁን ብለው ኮል አደረጉልኝ» አለ። የሚያውቀውን በአማርኛ፣ የቀረውን በምሥራቅ አፍ እየነገረኝ ነው።

«ታዲያ እልል አይባልም? ምን አኮራመተህ?»

«የወደቀ ቡድን ነው እማማ። በስድስት ዓመት ሦስት አሠልጣኝ አባሯል። እኔም ሁለት ዓመት ብሸነፍ ያባርሩኛል።»

«ሲያባርሩህ ሌላ ቦታ ትገባለሃ።»

ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። «ነጩ ሲወድቅ ቡድኑ መጥፎ ነበር ይላሉ። እኔ ስወድቅ አቃተው ይላሉ። ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም።»

«እንግዲያውስ አትሂድ።»

«ካልሄድኩ ደግሞ ምክትልነት ይበቃዋል፣ ፈሪ ነው ይላሉ። ያኔም ሁለተኛ አይጠሩኝም። አለቃዬ ዋናው አሠልጣኝም ሰምቷል። ሰኞ ጠዋት ከስብሰባው በፊት ቁርጥህን ንገረኝ፣ አለዚያ ቦታህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሎኛል።»

አሥራ አንድ ዓመት ከሥር ሠርቷል። የዚያን ዕለት እንዴት እንዳፈርኩ። ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ይህ ሰው በሥራው ምን ላይ እንደቆመ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ያን ቀን እስኪመሽ ለዚያ ለወደቀ ቡድን እቅድ ሲጽፍ ዋለ። እያንዳንዱን ተጫዋች በስሙ፣ ማን የት ቢቆም እንደሚሻል፣ ሥዕል እየሠራ ሰማያዊ ማኅደር ሞላ።

የኮሌጁ የአሠልጣኝ ምርጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነው የሚኖረው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ለምሳ ጠራን። «ቤተሰቡን ማየት እንፈልጋለን» ብሏል አሉ። እኔም ይህ ነገር ገባኝ፤ በኛም አገር ሰው ከመውሰድህ በፊት ዘሩን ታያለህ። ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ ሕፃኗን ለዴሪክ እናት ትተን ሄድን። ቀይ የጡብ ቤት ነው፣ ወለሉ ሰው ረግጦት የሚያውቅ አይመስልም። ሰብሳቢው ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። እጄን በሁለት እጁ ያዘኝና «ክብር ነው» አለኝ። እኔም ወደድኩት። ምን ላድርግ፣ ወደድኩት።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ሥጋና ቅቤ ነው። ዝም ብዬ ውኃ ስጠጣ ሚስትየዋ አየችኝ። ምሥራቅ «ጾም ናት» ብላ ነገረቻት። ሴትዮዋ እጇን አጨበጨበች፤ «የኛ ወጥ ቤት እኮ የናንተው አገር ሰው ናት፤ የሚሆን ነገር ትፈልግላቸዋለች» አለችና ክንዴን ይዛ ማዕድ ቤት አስገባችኝ። እሷ ተመለሰች።

ወጥ ቤቷ አስካለ ትባላለች፣ ወደ ሃምሳ የተጠጋች ሴት ናት። «እንደምን ዋሉ እናቴ» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ቢቸና ነው አገሯ። ለራሷ ያመጣችውን ምስር ከሳህኗ ከፍላ አቀረበችልኝ። ላንግሊ ፓርክ እንደምትኖር፣ እሑድ አውቶቡሱ ስለሚቀንስ በሌሊት እንደምትነሳ አጫወተችኝ። ቲማቲም እየከተፈችልኝ «ያ ረጅሙ የማን ነው?» አለችኝ።

«የልጄ ባል ነው። ዛሬ ዋና አሠልጣኝ አድርገው ሊሾሙት ነው።»

ቢላዋው ቆመ። «ማን አለዎት?»

«እነሱ ናቸዋ። ለዚህ አይደል የጠሩን?»

ቧንቧውን ለቀቀችው። ውኃው ሲንፎለፎል ጠጋ አለችኝ። «እናቴ፣ ካንድ ሰው ጋር እንዳይነጋገሩበት። በማን ይምሉልኛል?»

«ምሥራቅ ትሙት። አንድ ልጄ ናት። ካንቺ ሰማሁ አልልም።»

«ዓርብ ዕለት ሌላ ሰው ከነሚስቱ እዚህ ምሳ በልቷል። ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ብርጭቆ አጋጭተዋል። የኮሌጁን ባርኔጣ ሰብሳቢው በእጁ ራሱ ላይ አድርጎለታል። እመቤቲቱና የሰውዬው ሚስት የሚገዙትን ቤት ሲያወሩ ነበር። ያለቀ ነገር ነው።»

«ታዲያ እኛን ለምን ጠሩን?»

«ጥቁር አሠልጣኝ አላያችሁም ተብለው ጋዜጣ ላይ ተወቅሰዋል። ሰብሳቢው ‹እሑድ አንዱን እንጋብዝና ዝርዝሩ ይሟላል› ሲል ቡና እየቀዳሁለት ሰምቼዋለሁ።» ቧንቧውን ዘጋችው። «አራት ዓመት ሠርቻለሁ እዚህ። አደራዎን።»

እናንተ ነግዳችሁ ከሆነ ይገባችኋል። ገበያ ውስጥ አንድ ዓይነት ሰው አለ። ጌሾውን ከጎረቤትሽ ገዝቶ በጆንያ አስሮታል። ያንቺ ዘንድ መጥቶ ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ያስወርዳል። የሚፈልገው «ተዘዋውሬ አይቻለሁ» ለማለት ነው። አንቺ ለሱ ብለሽ የፈታሽው እስር ግን ተበትኖ ይቀራል። ያን ዓይነቱን ሰው ሳየው ደሜ ይፈላ ነበር። ጌሾስ ተለቅሞ መልሶ ይታሰራል፤ ከሥራው የተፈታ ሰው ግን በምን ይታሰራል?

ሳህኔን ይዤ ስመለስ ሰብሳቢው ቆሟል። ሰማያዊውን ማኅደር በግራ እጁ አቅፎታል፣ ቀኙን ለዴሪክ ዘርግቷል። ዴሪክም ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ እየተነሣ ነው።

«ምን ተባለ?» አልኩ ምሥራቅን።

«ደስ ብሏቸዋል እማዬ። ነገ አለቃውን ይሰናበት፣ ማክሰኞ ስሙን ለጋዜጣ እንሰጣለን፣ ረቡዕ ኮሚቴው ይወስናል አሉ። ሁለት ቦታ የቆመ ሰው አንፈልግም ብለዋል።»

ነገ ተሰናብቶ፣ ረቡዕ ባዶ እጁን ሊቀር ነው።

«ምሥራቅ፣ አንድ ነገር ንገሪልኝ።»

«ኋላ እማዬ።»

«አሁን። ሰውየው ይማል። ቦታው ለማንም አልተሰጠም፣ ልጄ ይሙት ይበል።»

ልጄ ደነገጠች። «አብደሻል? ልጅህ ይሙት በል ልበለው? በምሳ ላይ?»

«ባንቺ አፍ እንደሚሆን አድርገሽ በይው። ብቻ ይማል።»

«አልልም። አታዋርጂን።»

ዴሪክ እጁን እንደዘረጋ ወደኔ ዞረ። «ይሙት» የምትለዋን ቃል ያውቃታል፤ በቤታችን በቀን አሥር ጊዜ ትባላለች። ግን እንዲህ ባለ ድምፅ ከኔ ሰምቶ አያውቅም። ዓይን ለዓይን ተያየን። በሕይወቴ ከዚያ ልጅ ጋር ብዙ የተነጋገርኩት ያኔ ይመስለኛል። እጁን ሰበሰበ።

በእንግሊዝኛ የተናገረውን ምሥራቅ ኋላ ነው የነገረችኝ። «ጌታዬ፣ እኛ ቤት አንድ ልማድ አለ» አለው። «ነገር እውነት እንዲሆን ሲፈለግ ሰው በሚወደው ሰው ስም ይምላል። የባለቤቴ እናት ቦታው ለሌላ ሰው እንዳልተሰጠ እንዲምሉላቸው ይፈልጋሉ።»

ሰብሳቢው ሳቀ። ሚስቱም አብራው ሳቀች። «ደስ የሚል ልማድ ነው» አለ። «እኛ ግን በዚህ ቤት በልጆቻችን አንምልም።»

«ልክ ነዎት። እንግዲያው መሐላው ይቅር። በቃልዎ ብቻ ይንገሩኝ፤ ቦታው ተይዟል ወይስ አልተያዘም?»

ሰውየው ሹካውን አንሥቶ አስተካክሎ አስቀመጠው። «ሂደቱ ገና አልተጠናቀቀም።»

ይህን ምሥራቅ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። እኔም እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። ሰው በዚያ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ሲዋሽ አልችልም። ያቺን የመሰለች ማኅደር በብብቱ ይዞ፣ ያን የመሰለ ሰው ፊቱ አቁሞ። «እንግዲያው ባርኔጣውን ለማን ነው ያደረገለት? በይው» አልኩ። ምሥራቅም በድንጋጤ ሳታስብ ቃል በቃል አለችው።

ሰብሳቢው እኔን አላየኝም። ሚስቱን አየ። ሚስቱ የማዕድ ቤቱን በር አየች።

ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ሌላውን አስምላለሁ ብዬ ቆሜ፣ የራሴን መሐላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው በላሁት።

ዴሪክ ግን የሚስትየዋን ፊት አይቶ መልሱን አገኘ። «ስለ ምሳው እናመሰግናለን» አለና ኮቴን ከመስቀያው አንሥቶ አለበሰኝ። ወጣን።

መኪና ውስጥ ምሥራቅ ጀመረች። «እማዬ፣ መንገር ስትፈልጊ ሰው ወደ ጓዳ ይጠራል። እንደ ገበያ ትጮሂያለሽ?»

«አልጮህኩም።»

«ልጅህ ይሙት በል ከማለት መጮህ ይሻል ነበር።»

«ተያት» አለ ዴሪክ። ትንሽ ነዳና መኪናውን ጥግ አስያዘው። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ «ማኅደሬን እዚያ ረሳሁት» አለ።

«ተመልሰን እናምጣው» አለች ምሥራቅ።

«አልመለስም።»

ይቺ ናት እስከ ዛሬ የምታቃጥለኝ። የደከመበትን ሁሉ ያ ባርኔጣ የደፋው ሰው ይዞት ወደ ሜዳ ወጣ ማለት ነው። ሌባ በመስኮት ገብቶ ቢወስደው ፖሊስ ይጠራል። በምሳ ግብዣ ሲወስዱት ግን «እናመሰግናለን» ብለህ ትወጣለህ።

ሰኞ ጠዋት ዴሪክ ከስብሰባው በፊት አለቃው ቢሮ ገብቶ «እዚሁ ነኝ» አለው። ዋናው አሠልጣኝ ቦታውን አልነጠቀውም፤ እንጀራው ተረፈ። ግን «ሌላ ሴት ያየ ባል» እንደሚታይ ዓይነት ነበር ከዚያ በኋላ የሚያየው፣ ራሱ ዴሪክ ነው እንዲህ ያለኝ። ረቡዕ ጋዜጣው ወጣ። ምሥራቅ ጮክ ብላ አነበበችልን። ያ ሰው ተሹሟል። ሰብሳቢው ደግሞ «ፍለጋችን ሰፊ ነበር» ብሎ የዴሪክን ስም ጠራ፤ «ለቤተሰቡ ሲል ራሱን አገለለ» አለ። ለቤተሰቡ ሲል። እኔ ነኝ እንግዲህ ያ ቤተሰብ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የደወለለት ኮሌጅ አልነበረም። ሚስቱና አማቱ አያሠሩትም የሚል ወሬ እንደሚዞር አንድ ጓደኛው ነገረው።

እኔን ግን ሌላም ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። በሁለተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስካለን የሚያውቁ ሴቶች አገኘሁ። ከነዚያ ሰዎች ቤት ወጥታለች። በማግስቱ ሰኞ ነው «አንፈልግሽም» ያሏት። ምክንያት አልነገሯትም። ላንግሊ ፓርክ የምትኖርበትን ሕንፃ ጠይቄ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሦስት ቦታ የሰው በር አንኳኳሁ። በመንገዴ ላይ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ተናዳ ብትሰድበኝ ዝም እላለሁ፣ ብትተፋብኝ እጠርገዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት።

በሩን ከፈተች። አየችኝ። ቀለሟ ተለወጠ።

«ልጅዎ ደህና ናት?» አለችኝ።

የምትሰድበኝ መሰለኝ። እሷ ግን እጄን ይዛ፣ ከልቧ ደንግጣ ነው የጠየቀችኝ። «ምሥራቅን ምን አገኛት? በስሟ ምለው ነበር እኮ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለሷ ሰግቼ፣ በጸሎቴ ሳነሳት ነው የሰነበትኩት።»

በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራዋን ያሳጣኋት ሴት ለልጄ ስትጸልይ ከርማለች። እኔ ግን በነዚያ ሁለት ሳምንታት የምሥራቅ ስም በመሐላዬ ውስጥ እንዳለ እንኳን ትዝ አላለኝም ነበር።

«ደህና ናት» አልኳት። «በድዬሻለሁ አስካለ። አመለጠኝ።»

«አውቃለሁ። ሰምቼዎታለሁ፤ በሩ ሥር ነበርኩ።» ከተቀመጥኩበት አነሣችኝ። «ሲያፋጥጡት ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ባርኔጣ ሲሉ ሽርጤን ፈታሁ።»

ምሥራቅ በምትሠራበት መጦሪያ ቤት ማዕድ ቤት ሰው ሲፈለግ አስገባቻት። አራት ወር ፈጅቷል። እነዚያን አራት ወራት ያለ ሥራ የተቀመጠችው በኔ ምላስ ነው፤ ይህን ማንም አይፍቅልኝ።

ባርኔጣ የደፋው ሰውስ? በሁለተኛው ዓመት አባረሩት። ሰው ሁሉ ዴሪክን «ተረፍክ» አለው። እሱ ግን አልሳቀም። «በወሩ ሌላ ኮሌጅ ቀጠረው እማማ» አለኝ። «ስሙ ላይ ‹ዋና አሠልጣኝ የነበረ› ተጽፎለታል። እኔ አሁንም የጣዮቹ አለቃ ነኝ።»

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ ልጆቻችሁ ለትልቅ ወንበር ሲጠሩ ደስ ብሏችሁ ነጠላ የምታደራርቡ እናቶች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ልጃችሁን ሲንቅ በስድብ ብቻ አይደለም የሚንቀው። በክብር ጠርቶ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ምሳ አብልቶም ይንቀዋል። ከመስደብ የሚከፋው ይኸኛው ነው፤ የሰደበህ ሰው ቢያንስ ሥራህን እንድትለቅ አይጠይቅህም። ወንበሩ ባዶ መሆኑን ሳታውቁ ልጃችሁ ከተቀመጠበት አይነሣ። ሲጠይቅም ባለጌ አትበሉት። ጥያቄ የሚያስቆጣው ወንበሩን የሸጠውን ሰው ነው። የሰማችሁትን ግን ከማን እንደሰማችሁ አፋችሁን አጥብቁ። የኔ ንዴት እውነት ነበረ፤ ዕዳውን የከፈለችው ግን ሌላ ሴት ናት።

ዛሬ ሰዎች የልጄ ባል ምን ይሠራል ሲሉኝ ወሬ አላዞርም። ቁጭ አድርጌ ጣዮቹ እንዴት እንደሚቆሙ ሳይቀር እነግራቸዋለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ በልጄ ስም ምዬ አላውቅም። ሰው ማስማሉን ግን አልተውኩም።